ከፈረሰው ቤት ምን ይድናል? ስለ ፌሮው፣ ስለ ጥዱና ስለ ቆርቆሮው

ጥያቄ፦ «ወላጆቼ ከ60 ዓመት በፊት ጉለሌ የሠሩትን የጭቃ ቤት አፍርሰን በቦታው ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ልንሠራ ነው። የቤቱ ቋሚና ወራጅ ጥድ ነው፤ ጣራው 70 ያህል ቆርቆሮ አለው፤ በኋላ የተቀጠሉት ሁለት ክፍሎች ደግሞ ብሎኬት ሲሆኑ የኤልቲዜድ (የብረት ፍሬም) መስኮት አላቸው። በተጨማሪም አንድ ጎረቤታችን ካፈረሰው የአርማታ ቤት የወጣውን ፌሮ በግማሽ ዋጋ ሊሸጥልን ፈቅዷል። ግንበኛችን ‹ፌሮ ፌሮ ነው፤ የድሮ ብረት እንዲያውም ይሻላል› ይላል። ወንድሜ ግን ሁሉንም ለፍራሽ ገዢ ሸጠን በአዲስ ዕቃ እንጀምር ባይ ነው። ማንን ልስማ?»

ግንበኛዎ ተሳስቷል፤ ወንድምዎም ቢሆን የሚጥለውን ነገር ዋጋ አላሰበም። ሁለቱም ዕቃውን የሚለኩት በዕድሜው ነው፤ አንዱ አሮጌ በመሆኑ ያምነዋል፣ ሌላው አሮጌ በመሆኑ ይንቀዋል። መጠየቅ ያለበት ግን ዕቃው በአዲሱ ቤት ውስጥ ምን ሥራ ሊሰጠው እንደታሰበና በዚያ ሥራ ላይ ሳለ ቢከዳ ምን እንደሚከተል ነው። ቢበላሽ በር የማይዘጋበት ዕቃና ቢበላሽ ሶሌታ (የፎቁ የአርማታ ወለል) የሚወርድበት ዕቃ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። «የድሮ ዕቃ ሁሉ ጠንካራ ነበር» የሚለው እምነትም የመጣው ዛሬ የምናየው የተረፈውን ብቻ ስለሆነ ነው፤ ያኔም ደካማ የነበረው ከብዙ ክረምት በፊት በስብሶ፣ በምስጥ ተበልቶ ወይም ዝጎ ከዓይናችን ጠፍቷል።

ከፌሮው ልጀምር፤ ከጠየቁኝ ሁሉ ሕይወት የሚነካው እርሱ ነውና። ለኮለን (ለአርማታ ምሰሶ)፣ ለቢም (ለአርማታ አግዳሚ)፣ ለሶሌታም ሆነ ለደረጃ ከፍራሽ የወጣ ፌሮ አይግዙ፤ በግማሽ ዋጋ ቀርቶ በነጻ ቢሰጥዎትም አያስገቡት። የመጀመሪያው ምክንያት የብረቱ ደረጃ አለመታወቁ ነው። መሐንዲሱ የፌሮውን ብዛትና ውፍረት የሚያሰላው የብረቱ ጥንካሬ ይህን ያህል ነው ብሎ ተነሥቶ ነው፤ ከፍራሽ የወጣው ብረት ግን ከየትኛው ፋብሪካ እንደመጣ፣ በምን ደረጃ እንደተመረተ የሚናገር ወረቀት የለውም። በአሮጌ የአርማታ ቤቶች ውስጥ ደግሞ ላዩ ለስላሳ የሆነ ፌሮ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ የዛሬ ንድፍ የሚታሰበው ግን ገላው ጎድን ጎድን ባለውና ሲሚንቶውን ነክሶ በሚይዘው ፌሮ ነው። ለስላሳው በዚያው ልክ አይነክስም።

ሁለተኛው ምክንያት ፌሮው ከአርማታው የወጣበት መንገድ ነው። በመዶሻ ተፈልፍሎ፣ ተጎትቶና ተጣሞ ይወጣል፤ ከዚያም አንድ ሰው በድንጋይ ላይ አስተኝቶ እየመታ፣ አንዳንዴም በእሳት እያጋለ ያቃናዋል። ታጥፎ የተቃና ብረት በታጠፈበት ቦታ የመለጠጥ አቅሙን ያጣል፤ ሽቦን ደጋግሞ አጥፎ የበጠሰ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። እሳት የነካው ደግሞ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ጥንካሬ ሊያጣ ይችላል፤ ምን ያህል እንዳጣ በዓይን ማየት አይቻልም። አዲስ አበባ ከስምጥ ሸለቆው ዳር የተቀመጠች ከተማ መሆኗን፣ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ተደጋግሞ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ ከተማዋ ድረስ መሰማቱን አይዘንጉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ኮለንን የሚያተርፈው የብረቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ሳይበጠስ መለጠጡ ጭምር ነው፤ የተቃናው ፌሮ ያጣው ደግሞ በትክክል ይህንን ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ሒሳብ ነው፤ ግንበኛዎን የሚያሳምነውም ምናልባት ይኸኛው ይሆናል። አዲስ ፌሮ 12 ሜትር ሆኖ ይመጣል፤ ከፍራሽ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ 2 ወይም 3 ሜትር ቁራጭ ነው። ሁለት ፌሮ ሲቀጣጠል አንዱ በሌላው ላይ መደራረብ አለበት፤ መደራረቢያው ከፌሮው ውፍረት 50 እጥፍ ነው ብንል ለባለ 14 ሚሊ ሜትር ፌሮ 70 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ከ3 ሜትሩ ቁራጭ ሩብ ያህሉ በመደራረብ ብቻ አለቀ ማለት ነው። በዚያ ላይ ዝገት በጉድጓድ ጉድጓድ የበላው ፌሮ አለ፤ ከ12 ሚሊ ሜትር ወደ 11 የወረደ ፌሮ ለዓይን አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ የጎደለው ቢመስልም ከጭነት ተሸካሚ ስፋቱ 16 በመቶ ያህል አጥቷል። ላዩን ብቻ የነካ ቡናማ ዝገት ግን ሊያስፈራዎ አይገባም፤ አዲስ ፌሮ ላይም ይኖራል። ጎረቤትዎን ላለማስቀየም ጥቂት መግዛት ግድ ከሆነብዎ ለመስኮት ፍርግርግ፣ ለአጥር፣ ለአበባ መደገፊያ ያድርጉት፤ የቀረውን እርሳቸው ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ቢሸጡት ወደ ማቅለጫ ሄዶ እንደገና ፌሮ ይሆናል፤ ትክክለኛው መንገዱም ያ ነው።

በጥዱ ላይ ግን ሐሳቤ ይለያል፤ ወንድምዎ ለፍራሽ ገዢ ሊሰጠው ያሰበው ከግቢው ሁሉ ውድ የሆነውን ነገር ነው። የጥድ ግንድ ሲቆረጥ ዳር ዳሩ ነጣ ያለ፣ መሐሉ ቀላ ያለ ሆኖ ይታያል። ምስጥ የሚደፍረው ነጩን ነው፤ ቀዩ ውስጥ በተፈጥሮ ዘይቱ ምክንያት ምስጥንም ብስባሴንም ይቋቋማል። ስለዚህ አንድ ቋሚ ላዩ ተበልቶ፣ ወንፊት መስሎ ሲያዩት «አለቀለት» ብለው አይፍረዱ። በመጥረቢያ ወይም በመላጊያ ነጩን ያንሱለትና ከሥሩ ያለውን ይዩት፤ ቀይ ሆኖ ከወጣና እርሳስ ሲቀረጽ የሚሸተውን ዓይነት ሽታ ከሰጠ 60 ዓመት ያረጀ ሳይሆን 60 ዓመት የደረቀ እንጨት አግኝተዋል። ዛሬ ከገበያ የሚገዙት ሞራሌና ጣውላ ብዙ ጊዜ ገና እርጥብ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ይደርቃል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። የእርስዎን ግድግዳ ሲሸከም የኖረው ጥድ ይህን ሁሉ ጨርሷል።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ይድናል ማለት አይደለም። መሬት ውስጥ የገባው የቋሚው እግር እርጥበትና አፈር የፈራረቁበት ክፍል ነው፤ ከመሬት በላይ እስከ አንድ ክንድ ድረስ ያለውን ቆርጠው ይጣሉት። የቀረውን በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በመዶሻ እጀታ ይምቱት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው፣ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ባዶ ነው። የቢላ ጫፍ በቀላሉ ከሰመጠበትም ይተዉት። ከቀዳዳው አዲስ ነጭ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ነቀዙ ገና በሕይወት አለ፤ እንዲህ ያለውን ከደኅናው ጋር አንድ ላይ አይከምሩ። ማገሩ የባሕር ዛፍ ከሆነ፣ እንደሚመስለኝም ነው፣ አይልፉበት፤ ለማገዶ ይሁን። ነገር ግን ቀለም የተቀባ እንጨት ማገዶ አይሆንም፤ በተለይም እንጀራ በሚጋገርበት ምጣድ ሥር። በቀለም ውስጥ ያለውን ሊድ (መርዛማ ብረት) ከአንድ ሚሊዮን እጅ በ90 እጅ የገደበው ደንብ በአገራችን የወጣው በቅርብ ዓመታት ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ በርና መስኮት ሊድ አለበት ብሎ መጠንቀቅ ይሻላል። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት፤ አርጥበው ይፋቁት፣ ልጆችን ያርቁ፣ ፍርፋሪውን ሰብስበው ያስወግዱት።

አሮጌ ጥድን ለመሰንጠቅ የሚወስዱበት ባለመጋዝ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ስለ ሚስማር ነው። ከእንጨት ውስጥ ተሰብሮ የቀረ አንድ ሚስማር ጥርሱን ይሰብርበታል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ግንድ በማግኔት ይፈትሹ፣ ያልወጣውን ሚስማር በጠመኔ ያመልክቱ። ከነቀዝ ለመጠበቅ በቦራክስ ውሃ መቀባት ለቤት ውስጥ እንጨት በቂ ነው፤ ዝናብ በሚነካው ቦታ ግን ታጥቦ ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቤት ውስጥ አያስገቡ፤ ሽታው አይለቅም፣ ለእሳት ይመቻል፣ ለጤናም አይበጅም።

ታዲያ ጥዱ የት ይግባ? ፎቅ ለመሸከም አይሁን። በየቦታው የተቦረቦረና የተሰቀሰቀ ግንድ ጥንካሬው እንደየቦታው ይለያያል፣ የሚፈርምበትም መሐንዲስ አያገኙም። ለጣራ ማገር መሐንዲሱ አንድ በአንድ አይቶ ከፈቀደ ይቻላል። እኔ ግን ተሰንጥቆ ለደረጃ መርገጫና መደገፊያ፣ ለበርና ለመቃኑ፣ ለሳሎን ኮርኒስ፣ ለመደርደሪያ እንዲውል እመክራለሁ። ዓይን የሚያርፍበትና እጅ የሚነካው ቦታ ላይ ይሁን፤ ወላጆችዎ የደከሙበት እንጨት በጣራ ሥር ተደብቆ ከሚቀር የልጅ ልጆችዎ በየቀኑ ቢይዙት ይሻላል፤ ይህ ግን የምህንድስና ሳይሆን የእኔ ምርጫ ነው።

ቆርቆሮው ከሁለቱ መካከል ያለ ነው። የድሮ ቆርቆሮ ዛሬ በብዛት ከሚሸጠው ባለ 32 እና ባለ 35 ጌጅ ወፍራም ሆኖ ሊገኝ ይችላል (የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው እንደሚሳሳ አይርሱ)፤ ይሁን እንጂ ውፍረቱ የዚንክ ሽፋኑ ካለቀ አይጠቅምም። ቅጠሉን አንሥተው ወደ ፀሐይ ይያዙት፤ እንደ ኮከብ ብልጭ ብልጭ የሚል ቀዳዳ ካዩ ለጣራ አይሆንም። ዝገት የሚጀምረው አንዱ ቅጠል በሌላው ላይ በተደረበበት ጫፍ ነው፤ ውሃ እዚያ ገብቶ ሳይደርቅ ይቆያልና። ሁለቱን ጫፍ አንድ አንድ ስንዝር ቆርጠው ቢጥሉ መሐሉ ደኅና ሆኖ ይገኛል። ከዋናው ቤት ላይ ግን አሮጌ ቆርቆሮ እንዲያለብሱ አልመክርም፤ ከሥሩ የሚገባው አዲስ ኮርኒስና የኤሌክትሪክ መስመር በአንድ ክረምት ፍሳሽ የሚበላሽ ሀብት ነው። ለሰርቪስ ቤቱ፣ ለማድቤቱና ለማገዶ መጠለያው ያውሉት፤ አናጢውም ማገሩን ሲመታ በአሮጌዎቹ የሚስማር ቀዳዳዎች ልክ ያድርገው፤ ያኔ ቆርቆሮው ላይ አዲስ ቀዳዳ መጨመር አያስፈልግም። ከግንባታው በፊትም ሥራ አለው፦ ግቢውን ያጥራል፣ ሲሚንቶውን ያስጠልላል።

ጣራው ላይ ከቆርቆሮው ጋር ግራጫ፣ ወፍራም፣ እንደ ሲሚንቶ የሆነ ሞገደኛ ክዳን ካገኙ ቆም ይበሉ። አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። ሳይነካ ቢቀመጥ ብዙም አይጎዳም፤ ሲሰበር፣ ሲቆረጥ ወይም ሲበሳ የሚወጣው ብናኝ ግን ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከ20 ወይም ከ40 ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ነው። በውሃ አርሰው፣ ሳይሰብሩ፣ ሙሉውን ያውርዱት፤ መልሰው አይሥሩበት፤ ለሚለምንዎት ሰውም አይስጡ።

የኤልቲዜድ መስኮቶቹ ይድናሉ፤ ውሃ የሚያቁረውን የታችኛውን ማዕዘን ይመርምሩ፣ የበሰበሰውን ቁራጭ በብየዳ ያስቀይሩ፣ ስቱኮውን አስወልቀው መስተዋቱን እንደ አዲስ ያስገጥሙ። በሮቹን ከነመቃናቸው ያውጡ፤ በርና መቃን ለብዙ ዓመት አብረው የተለማመዱ ስለሆኑ ከተለያዩ መልሶ ማስማማቱ አዲስ ከመሥራት ይከብዳል። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፦ ዝርዝሩ ከንድፉ ይቅደም። አንድ ባለቤት ያማሩ አራት የድሮ በሮች ገዝቶ አስቀምጦ ኖሮ ለእኛ ያሳየን ኮለኑ ከቆመ በኋላ ነበር። ሁለቱ በርዝመት ከቢሙ ጋር ተጋጩ፣ ሦስተኛው ተቆርጦ ውበቱን አጣ፣ አራተኛው ጠረጴዛ ሆነ። መስኮትና በሩን አሁኑኑ በሜትር ይለኩ፤ ቁመትና ወርዱን፣ የሚከፈትበትን አቅጣጫ ጽፈው ለንድፍ ባለሙያው ይስጡ፤ ክፍተቶቹ በእነርሱ ልክ ይሣሉ። ከንድፍ በኋላ የመጣ አሮጌ ዕቃ ሁሉ ቤቱን ማስጨነቁ አይቀርም።

ከመሠረቱ የሚወጣው ድንጋይ በጭቃ ከተገነባ በቀላሉ ይለቃል፣ በውሃ ይታጠባል፤ በመዶሻ ሲመታ የሚጮኸውን ከግሬድ ቢም (ከመሬት ወለሉ ዙሪያ ካለው የአርማታ አግዳሚ) ሥር ላለው የድንጋይ ግንብ፣ ለአጥር መሠረትና ለግቢ ንጣፍ ይጠቀሙበት። በሲሚንቶ የተገነባው ብሎኬት ግን ተስፋ የለውም፤ ብዙ ጊዜ ማያያዣው ከብሎኬቱ ስለሚጠነክር ሲነቀል የሚሰበረው ብሎኬቱ ነው። ስብርባሪው ጭቃ፣ ጂብሰምና የእንጨት ቁራጭ ከተለየለት በኋላ ለወለል ሥር ሙሌት ይሆናል። እንጨቱን በተለይ ይልቀሙ፤ ከወለል ሥር የተቀበረ ጭራሮ ምስጥን ወደ አዲሱ ቤት የሚጋብዝ ነው። በኮለን መሠረት ሥር ግን ምንም ዓይነት ስብርባሪ አይግባ።

ስለ ጭቃው ማንም አይጠይቅም፤ እኔ ግን ልጨምርበት። ከግድግዳው የረገፈው አፈር በውሃ ሲርስ እንደገና ጭቃ ይሆናል፤ አዲስ ጭድ ተጨምሮበት፣ በእግር ተረግጦ ጥቂት ቀናት ቢቡካ ለማድቤቱ ግድግዳ ከአዲስ አፈር አያንስም። ከበረት ወይም ከሽንት ቤት አጠገብ የነበረው ግን ጨው ስለሚያወጣና ልስኑን ስለሚያረግፍ ይለዩት።

የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ማብሪያና ማጥፊያ፣ ሶኬት፣ እንዲሁም የድሮው የብረት ቧንቧ አንድም አይመለስ። የሽቦው ልባስ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ቧንቧው ውስጡ በዝገት ጠብቧል። ሽቦውን ለመዳቡ ይሽጡት። ያልተሰነጠቀ የእጅ መታጠቢያና ኬሚካል ያልተቀመጠበት የውሃ ሮቶ ግን ያለ ሥጋት ያገለግላሉ።

ወንድምዎ አንድ ነገር ላይ እውነት አለው፤ የቤት ፍራሽ ማዳን በነጻ አይደለም። ፍራሽ ገዢው ቤቱን በሁለትና በሦስት ቀን አውርዶ ጭኖ ይሄዳል፣ ገንዘብም ይሰጥዎታል፤ እርስዎ በጥንቃቄ ካስፈቱት ግን ሳምንታት ይፈጃል፣ የሠራተኛ ቀን አበል ይጨምራል፣ ጠባቂና መጠለያ ይጠይቃል። ስለዚህ ሁሉንም አያድኑ። የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ጥዱን፣ በሮቹንና መስኮቶቹን፣ ደኅናውን ቆርቆሮና ድንጋዩን በራስዎ አናጢ ያስፈቱ፤ ከዚያ የቀረውን ግድግዳና ብሎኬት ለፍራሽ ገዢው ይስጡ፤ ቤቱ ጭነት የሚሸከምበትን ሁሉ፣ ፌሮውን፣ ሲሚንቶውን፣ ሽቦውንና ቧንቧውን በአዲስ ይግዙ። ከምናለሽ ተራ ወይም ከሌላ ፍራሽ ተራ የሚጨምሩት በርና ጣውላ ካለ የተሰረቀ እንዳይሆን ደረሰኝ ይቀበሉ። ከተቋራጩ ጋር በሚፈራረሙት ውል ላይም የትኛው አሮጌ ዕቃ የት እንደሚገባና ቢበላሽ ኃላፊው ማን እንደሆነ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ነገ የሚያፈሰው ሰርቪስ ቤት ሁሉ «የእርስዎ ቆርቆሮ ነው» ይባላል።

ግንበኛዎ በፌሮው ጉዳይ ቢከራከር መሐንዲሱ ፊት እንዲከራከር ያድርጉ፤ ፈርሞ ኃላፊነት የሚወስደው እርሱ ነው። ማስፈታቱን ከጥቅምት በኋላ ይጀምሩ፤ እንጨቱን ከመሬት በድንጋይ ከፍ አድርገው፣ በየረድፉ መካከል ቀጫጭን እንጨት እየጣሉ አየር እንዲገባው ይደርድሩት፤ ቆርቆሮውንም ውሃ እንዳይቋጥር ዘንበል አድርገው ያቁሙት። በሐምሌ ዝናብ የተፈታ ጥድ በአንድ ወር ሻጋታ ያለብሳል።